የጭድ ቀለም

ስለ ጭድ የምታውቁት ምን ያህል ነው? በሬ ይበላዋል፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል፤ አህያ ተሸክማው ስትሄድ ከኋላዋ የሚከተለውን ሰው ዓይን ያስለቅሳል። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ እንደኔ ዕውቀት ያጠቃው ነውና እግዜር ይማረው። እኔ ጭድ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። አውቄ ምን እንዳደረግሁ ነው የማወራችሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም እስከ ሰኔ ድረስ ስቄያለሁ።

ሙያዬ ቁም ጸሐፊነት ነው። ጎንደር ከተማ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ቤት ሠርቼ፣ ብራና ፍቄ፣ ብርዕ ቀርጬ የጸሎት መጽሐፍ ስገለብጥ እውላለሁ። ሙያው ክቡር ነው፤ ወገብ ያጎብጣል እንጂ። የሚያናድደው ቀለሙ ነበር። በአባቶቻችን ሥርዓት ጥቁር ቀለም የሚሠራው ጥላሸት ከምጣድ ቂጥና ከኩራዝ ተለቅሞ፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ ጋር ተወቅጦ፣ በገንቦ ሆኖ ግማሽ ዓመት ያህል ከርሞ ነው። በየጊዜው ይማሰላል። በመጨረሻ የሚገኘው አንድ ዋንጫ የማይሞላ ነው፤ እሱንም ደብተራ ጎረቤት «ለአንዲት መስመር የምትበቃ» እያለ ይጨርሰዋል። መምህሬ መሪጌታ ላቀ ስማረር ሲሰሙ፣ «ያልከረመ ቀለም የሚከርም ቃል አይሸከምም» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ሰውየው አርጅተዋል፤ የሚቸኩሉበት ነገር ስለሌላቸው ነው እል ነበር፤ በልቤ ነው እንጂ በአፌስ አልደፍርም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ ቀን ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ልገዛ ማክሰኝት ገበያ ወረድሁ። ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሏል፤ ከድንኳኑ ፊት ሦስት በርሜሎች እሳት ላይ ተጥደዋል፤ አንገቱ የቀላ ፈረንጅ ደግሞ ሰው በሸክም የሚያመጣለትን ጭድ እየተቀበለ በርሜሉ ውስጥ ይከታል። ፈረንጅ ብዙ ነገር ሲበላ አይቻለሁ፤ ጭድ ቀቅሎ ይበላል ብዬ ግን አልጠረጠርሁም። ማኪናውን የሚነዳለት የአገራችን ሰው ከጎማው ላይ ተቀምጦ ነበርና ጠጋ አልሁት።

«ጌታህ ምን እያበሰለ ነው?»

«ጭድ።»

«እሱንማ አያለሁ። ለምኑ?»

«እዚህ ጭድ ውስጥ አገዳውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ነገር አለ ይላል። በሶዳ ሲቀቀል ያ ነገር ይወጣል። ሲወጣ ጥቁር ነው። መንገድ ላይ ሲያፈሱት አቧራውን ይይዘዋል ይላል። እኔ እንጃ፤ ደመወዜን ይሰጠኛል።»

ፈረንጁ ሰው እንዳየለት ሲያውቅ ደስ አለው። በረጅም እንጨት አንስቶ አሳየኝ። ጥቁር ነው። ምን ዓይነት ጥቁር ብላችሁ፤ የሚያብለጨልጭ፣ ወፈር ያለ፣ ከእንጨቱ ጫፍ እንደ ማር የሚንጠባጠብ። ጣቴን ነክሬ መዳፌ ላይ አንዲት «ሀ» ጻፍሁ። ደርቃ እንደ መስተዋት አበራች። ግማሽ ዓመት የምጠብቀው ነገር እዚህ በሦስት በርሜል ይንተከተካል፤ እነሱ ደግሞ መንገድ ላይ ሊያፈሱት ነው። ምራቄን ዋጥሁ።

ከዚያ ፈረንጁ በጣሳ ቀድቶ ከአንድ ጠርሙስ የሚኮመጥጥ ነገር ጠብ አደረገበት። ያ ሸጋ ጥቁር እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ፤ ቡናማ አተላ ሆኖ ከጣሳው ሥር ተቀመጠ፤ ከላዩ ውኃው ጠራ። ሾፌሩ፣ «ጌታው የሚፈልገው ይህን አተላ ነው። ኮምጣጣው ካልገባበት ጥቁሩን ውኃ ይወስደዋል ይላል» አለኝ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገር ግን በአተላ የሚጽፍ ሰው የት አለ? ከትምህርቱ ያማረኝን ግማሽ ይዤ፣ ያላማረኝን ግማሽ እዚያው ማክሰኝት ትቼ፣ ቆዳውንም መግዛት ረስቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ሚስቴ ብርቄ ገብስ የምታስቀምጥበት አንድ የጣሊያን በርሜል ነበረን። ገብሱን ወደ አቁማዳ ገለበጥሁት። ሶዳ የለኝም፤ አመድ ግን በየምድጃው አለ። ከሰፈሩ ሁሉ አመድ ሰብስቤ በውኃ አጠለልሁት። ውኃው ጣት ያንሸራትታል፤ ቁስል ካለም ያቃጥላል። ከዚያ በርሜሉን በጭድ ጠቅጥቄ፣ የአመዱን ውኃ ሞልቼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀቀልሁት። ሽታውን ልግለጽላችሁ ብል የምትበሉትን ትተዋላችሁ። ጎረቤት ሰው ሞቶብን የደበቅን መሰለውና ሊያጣራ መጣ።

ብርቄ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ከደጅ ቆማ፣ «አንተ ሰው፣ ጥላሸቱ ምን በደለህ?» አለችኝ።

«ጥላሸት እንጨት ካልነደደ አይገኝም። የዚህን አገር ተራራ እይው፤ ራሱን የተላጨ መነኩሴ መስሏል። ጭድ ግን በየዓመቱ ይወቃል፤ አመድ በየቀኑ ይጠረጋል። ይህ የማያልቅ ቀለም ነው።»

«የማያልቀውስ ሽታው ነው» ብላ እናቷ ቤት ሄደች።

ቀለሙ ግን ወጣ። በብርዕ ነክሬ ብራና ላይ ሳሳርፈው ሸርተት ብሎ ይሄዳል። የበጋ ፀሐይ ሲያገኘው ፊደሉ ከገጹ ላይ ብድግ ብሎ የቆመ ይመስላል። ለመሪጌታ ላቀ በቀንድ ቀድቼ ወሰድሁላቸው። ጣታቸውን ነከሩ፤ አሸተቱ፤ እንደ ቀደምት ጸሐፍት ልማድ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱና እንትፍ አሉ።

«ይህ ሳሙና ነው» አሉኝ።

«ቀለም ነው፣ የኔታ። ይመልከቱት እንጂ።»

«ያየሁትንማ አየሁ። የቀመስሁት ግን ሳሙና ነው። ሳሙና ሲያጥብ እንጂ ሲጽፍ አላየሁም።»

ቀኑብኝ አልሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ሊወድቅ ሲል መካሪው ሁሉ ምቀኛ ይመስለዋል። ሁለት በርሜል ጨመርሁ። ጭድ የሚያመጣ ሰው ሁሉ ክታብ ወይም ደብዳቤ በነፃ እጽፍለታለሁ ብዬ አስወራሁ። ደብተራዎቹ ቅል እየያዙ መጡ፤ እንደ ጠላ ቀዳሁላቸው። ቀለም እንዲህ ሲበዛ እጅም አይሰስትም። በዓመት ሁለት መጽሐፍ የምጽፈው ሰውዬ በዚያ በጋ ስንት የሰው አደራ እንደተቀበልሁ እኔም አላውቅ። ከበርሜሉ የሚተርፈውን ልቅላቂ ወደ ወንዙ ደፋሁት። ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ የአንዲቷ ነጭ ቀሚስ የአፈር መልክ ይዞ ወጣ። ቀሚሱን ይዘው ቤቴ ሲመጡ ብርቄ ገና ከእናቷ ቤት መመለሷ ነበርና ስድቡን ሁሉ እሷ ተቀበለችልኝ።

ከቆላ ድባ በኩል አያ ውብነህ የሚባሉ ሽማግሌ የመጡት ያኔ ነው። የደምብያ ገበሬ ናቸው። ሁለት አህያ ሙሉ የጤፍ ጭድ ጭነው፣ ራሳቸው በእግራቸው ከኋላ ሆነው መጡ። ያን ያህል ጭድ ሳይ፣ «በሬዎችዎስ ምን ይበላሉ?» አልኋቸው።

«አንዱ በሬ ሞቶብኛል። ለአንዱ የቀረው ይበቃዋል» አሉኝ። ከዚያ ጭዱን ትተው የመጡበትን ነገር አወጡ። አንድ ልጅ ነበራቸው። በጣሊያን ጊዜ የሊማሊሞ መንገድ ሲቆረጥ ለሥራ ወስደውት ገደል ገባ፤ ሬሳው አልወጣም። መቃብር የለውም። እናቱ በሐዘን ሞተች።

«ለአጥቢያችን ሚካኤል መጽሐፍ ልስጥ ብያለሁ» አሉ። «የኔታ፣ የልጄን ስም በየምዕራፉ ማብቂያ ያግቡልኝ። ቄሱ ባነበበ ቁጥር ይጠራል። መቃብሩ እሱ ይሁንለት።»

«መልካም፤ እንደ ደንቡ በቀይ ቀለም እጽፈዋለሁ።»

«አይሆንም፤ ቀዩ ለቅዱሳኑ ይሁን። ልጄ አራሽ ነው፤ በጥቁሩ ይበቃዋል።»

ሙት በጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። የዓለም ስሙን አገር ያውቀዋል፤ የክርስትና ስሙን ግን ከሳቸው ሌላ የሚያውቁት እናቱና የነፍስ አባታቸው ነበሩ፤ ሁለቱም አልፈዋል። አያ ውብነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ስሙን ነገሩኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም እያረጀሁ ነው። አንዳንድ ጧት ከእንቅልፌ ስነሣ ይጠፋኛል፤ እስከ ቀትር እፈልገዋለሁ። ጨርሶ ሳይጠፋኝ ይጻፉልኝ» አሉ።

በቁራጭ ብራና ላይ ለማስታወሻ ጻፍሁት፤ በዚያው ቀለም ነው። መጽሐፉን በሁለት ወር ጨረስሁ። በጥላሸት ቢሆን ቀለሙ ገና አይደርስም ነበር። ሊወስዱ ሲመጡ ስሙ ያለበትን ቦታ ሁሉ በጣቴ አሳየኋቸው። ማንበብ አያውቁም፤ ግን ባሳየኋቸው ቁጥር ጎንበስ ብለው ፊደሉን ሳሙት። መጽሐፉን በራሳቸው ላይ አድርገው መረቁኝ። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ አሁን ሳስታውሰው እያንዳንዱ ቃል ይከብደኛል።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ምልክት መጣ፤ እኔ ግን ምልክት አላልሁትም። ወባ ይዟት ክታብ የጻፍሁላት አንዲት ሴት ነበረች። ሙቀቱ ሲበረታ ላብ አላባት፤ ከአንገቷ እስከ ጡቷ ጥቁር ውኃ ወረደ። ቤተሰቡ እልል አለ፤ በሽታው ወጣላት ብለው። አማቷ ቤቴ ድረስ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ክታቡን የተሸከመ ሁሉ መጥቆር ጀመረና ዝናዬ እስከ ጭልጋ ደረሰ። ፊደል ሲያልበው ያየ ጸሐፊ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ግን ዝም ብዬ ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጣለ። አንድ ጧት ብራና ስገልጥ ፊደሎቹ አብጠዋል። የአመዱ ውኃ እርጥበት እየሳበ ነው፤ በቤት ውስጥ፣ ጠብታ ሳይነካቸው፣ እየራሱ ነው። ቀትር ሲሆን የመጀመሪያው መስመር ወደ ሁለተኛው ወረደ፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ቅል ቅል ቀለም የወሰዱት ደብተራዎች የጻፉትን ገጽ እያንጠባጠቡ ወደ ደጄ ተሰለፉ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለውን ተረት ያን ሳምንት ከስንት ሰው አፍ ሰማሁት። እሷስ የባሏን አንድ መጽሐፍ ነው ያጠበችው፤ እኔ የአገሩን ነው። ብርቄ ሰው ሲያንኳኳ «ወጥቷል» ትላለች፤ እኔ ከቆጡ ላይ ትንፋሼን ይዤ እተኛለሁ።

ከቆጡ ላይ ሆኜ የማስበው ግን ስለ አያ ውብነህ ነበር። ቁራጯን ብራና ፈልጌ አገኘኋት፤ ከሌሎች ማስታወሻዎች ጋር ተጣብቃ አንዲት ጥቁር ቅርፊት ሆናለች። ስሙን ላስታውስ ሞከርሁ። በዚያ በጋ ከጻፍሁት የሙት ስም ብዛት የተነሣ፣ ወልደው ከገብሬው፣ ገብሬው ከኃይሌው ተቀላቀለብኝ። ደምብያ ቆላ ነው፤ ይሞቃል፤ ደርቆ ይተርፋል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ደምብያ በክረምት ሜዳው ሐይቅ እንደሚሆን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። ያን ጊዜ ጭቃውን ጥሼ ብወርድ ከአንዱ ምዕራፍ ማብቂያ ላይ አንዲት ፊደል አገኝ ነበር። ፈራሁ። ሽማግሌው ፊት መቆም ፈርቼ ክረምቱን አሳለፍሁት። ቀለሙ ስሕተት ነው፤ ይህኛው ግን ኃጢአት ነው።

በመስከረም ራሳቸው መጡ። ወንዙ እንደ ጎደለ ተነሥተው ነው የመጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርቋል። መጽሐፉን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ብርቄ «ወጥቷል» ማለት አልቻለችም፤ አስገባቻቸው። ከቆጡ ወረድሁ።

«የኔታ፣ ይቆጡኛል» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን አድርገው?»

«አጠፋሁት። በየቀኑ እሄድና ቄሱን ግለጥልኝ እለዋለሁ፤ ያሳዩኝን ቦታ እስማለሁ። እንባዬም ይወርዳል፤ አላስችል ብሎኝ ነው። በከንፈሬ እየጠቆረ ሲመጣ ቄሱ ተው አለኝ። አልሰማሁትም። እንዲህ ሆነ።»

ገለጥሁት። ገጹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች የቡና አተላ የተደፋበት መስሏል። በመካከሉ ቀዩ ብቻ ቀርቷል፤ ቀዩን በጥንቱ ሥርዓት ነበር የሠራሁት። እግዚአብሔር አለ። ማርያም አለች። ሚካኤልም አለ። ቅዱሳኑ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ የጠፋው ልጁ ብቻ ነው።

አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ስለምጠላው እነግራችኋለሁ። ዝም ልበል አልሁ። እሳቸው ራሳቸውን ከከሰሱ ምን አገባኝ? ከዚያ ከንፈራቸውን አየሁ። ስንጥቁ ውስጥ ያ ጥቁር እስካሁን አለ።

«አያ ውብነህ፣ እርስዎ አይደሉም ያጠፉት» አልሁ። «ቀለሙ ነው። እኔ ነኝ። እንደማይሆን ተነግሮኝ የሠራሁት።» ከማክሰኝት ጀምሬ እስከ ቆጡ ድረስ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲሰሙ ቆዩና የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጭዱ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ጭዱ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ይጻፉልኝ፤ እንደገና።»

«እጽፋለሁ፤ በመሪጌታ ቀለም እጽፋለሁ። ስሙን ይንገሩኝ ብቻ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምነው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃሉ የሚል አተያይ ነው።

«ለርስዎ ነገርሁዎት እኮ» አሉ። «ተጻፈ ብዬ መፈለጉን ተውሁት። ጧት ጧት ሲጠፋኝም፣ ከመጽሐፉ አለ ብዬ አልጨነቅም ነበር። አሁን የለኝም። ቄሱም ከገጹ እያየ ያነብ ነበር እንጂ አልያዘውም። ከርስዎ ዘንድ ነው ያለው።»

ሁለታችን ተቀምጠን ስንፈልግ ዋልን። ወልደ ሚካኤል አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «እናቱ ስትጠራው እንዲህ ይመስለኛል» አሉ። ወልደ ጊዮርጊስ አልኋቸው። «ይህም ይመስለኛል» አሉ። ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ኪዳን፤ በእያንዳንዱ ስም ፊታቸው ይበራና ይመለሳል። ብርቄ ከጓዳ ሆና ታለቅስ ነበር። መሪጌታ ላቀን አስጠራሁ፤ መጥተው ነገሩን ሰሙና፣ «ይጽናኑ፤ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሏቸው።

«እግዚአብሔርማ ያውቀዋል» አሉ አያ ውብነህ። «የማላውቀው እኔ ነኝ።»

መጽሐፉን እንደገና ጻፍሁት። ቀለሙ እስኪከርም ጠበቅሁ፤ አንድ ቀን አልቸኮልሁም። በየምዕራፉ ማብቂያ ለአንድ ስም የሚሆን ቦታ ባዶ ተውሁ፤ አንድ ጧት ትዝ ካላቸው ሰው ይልካሉ ተባብለን ነበር። ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ክረምት አረፉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ደምብያ እወርዳለሁ። ቄሱ ያነብና ከባዶው ቦታ ሲደርስ ወደኔ ያያል። እኔም የማውቀውን የክርስትና ስም ሁሉ እጠራለሁ፤ ወልዶቹን ጨርሼ ገብሬዎቹን፣ ገብሬዎቹን ጨርሼ ኃይሌዎቹን፤ ከመካከላቸው አንዱ እሱ ይሆናል ብዬ። ሕዝቡ ለምዶኛል፤ ቁጭ ይልልኛል። ዘንድሮ ቄሱ አዲስ ነበር። እስክጨርስ ታግሦ ቆመና ከጸሎቱ በኋላ ወደኔ መጣ።

«የኔታ፣ ይህ ሁሉ ሙት የርስዎ ነው? በአንድ ወረርሽኝ ነው ያለቁብዎ?» አለኝ በሐዘኔታ።

«የለም፣ አባቴ» አልሁት። «አንድ ልጅ ነው።»